ከጃን ተከል ነጋሪት እስከ ነጋሪት ጋዜጣ፦ ለአንድ የጎንደር መምህር ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው የመጣው ከጎንደር ነው። ጠያቂው የታሪክ መምህር መሆናቸውን ገልጸው በአጭሩ የጻፉት ይህን ነው፦ «ተማሪዎቼን ወደ ጃን ተከል ወስጄ የነገሥታቱ አዋጅ በነጋሪት ይነገር እንደ ነበር ሳስረዳ አንዱ ‹ታዲያ ነጋሪት ጋዜጣ የሚባለው መቼ መጣ? ከእርሱ በፊት የወጣውስ ሕግ አልነበረም ወይ?› ብሎ ጠየቀኝ። ሌላው ደግሞ በአንድ ጽሑፍ ‹አዋጅ ቁጥር 1/1934›፣ በሌላው ‹አዋጅ ቁጥር 1/1967› የሚል አይቶ ግራ ተጋብቷል። ቢያብራሩልን ለክፍሉ ሁሉ ይጠቅማል።»

የተከበሩ መምህር፣ ለመጀመሪያው ተማሪ የሚሰጠው አጭር መልስ የሚከተለው ነው። የመንግሥት ሕጎች የሚታተሙበት ነጋሪት ጋዜጣ የተቋቋመው መጋቢት 21 ቀን 1934 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1 ነው። ከዚያ በፊት የወጣው ሕግ ሕግ ነበር፤ ነገር ግን ሕግ መሆኑ በአንድ በተወሰነ ወረቀት ላይ በመታተሙ የሚረጋገጥ አልነበረም። በ1934 የተለወጠው ዋናው ነገርም ይኸው የማረጋገጫው ቦታ ነው። የንጉሠ ነገሥቱ ሕግ የማውጣት ሥልጣን በጋዜጣው ምክንያት አልጠበበም፤ እስከ 1948ቱ ሕገ መንግሥት ድረስም እንዳለ ቀጥሏል። ይሁን እንጂ አንድ ዳኛ «ይህ ሕግ አለ ወይስ የለም?» ብሎ ሲጠራጠር የሚመለከተው ቦታ ከዚያ ቀን ጀምሮ የታወቀና አንድ ሆነ። ለውጡ ትንሽ ቢመስልም ምን ያህል ርቆ እንደ ሄደ የሚታየው ከእናንተው ከተማ ሲጀመር ነው።

በጎንደር ዘመን ነጋሪት የሥልጣን ምልክት ነበረ። የንጉሠ ነገሥቱ ነጋሪቶች 44 ናቸው ይባል ነበር፤ ለአገረ ገዥዎችም ሹመት ሲሰጥ ነጋሪት አብሮ ይሰጥ ነበር። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1770 እና በ1771 ጎንደር የነበረው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ስለዚህ ነገር የጻፈው ለሕግ ታሪክ ሰው እጅግ ጠቃሚ ነው፤ አገረ ገዥ በነጋሪቱ ያስነገረው አዋጅ በግዛቱ ውስጥ የሕግ ኃይል ሲኖረው፣ የንጉሡ አዋጅ ግን በአገሩ ሁሉ የጸና መሆኑን ይመሰክራል። እንግዲህ የነጋሪቱ ድምፅ ሕዝብን ለመሰብሰብ ብቻ የሚያገለግል አልነበረም፤ ከዚያ በኋላ የሚነገረው ቃል ከማን እንደ ወጣና እስከ የት እንደሚያስር ያስታውቅ ነበር። ተማሪዎችዎን በፋሲል ግቢ በሮች ዙሪያ ሲያዞሩ በእምቢልታ በርና በወምበር በር ፊት ቢያቆሟቸው ይህን ለማስረዳት ይመቻል፤ አንደኛው የዜማ ዕቃ ባለሙያዎቹን ሌላው ዳኞቹን የሚያስታውስ ስም ሲሆን፣ የአዋጅ ድምፅና የፍርድ ወንበር በአንድ አጥር ዙሪያ እንደ ነበሩ ያሳያል።

በቃል የሚታወጅ ሕግ ጥንካሬም ድካምም አለው። ጥንካሬው ማንበብ ለማይችለው ሰው ሁሉ መድረሱና የሰማውም ላልሰማው የማሰማት ግዴታ የተጣለበት መሆኑ ነው። ድካሙ ደግሞ ከተነገረ በኋላ የሚቀረው በሰሚው ልብ ብቻ መሆኑ ነው። ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነን የዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን ነው። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1668 በጎንደር የተደረገው ጉባኤ ሙስሊሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው በራሳቸው ሰፈር እንዲኖሩ ወሰነ፤ ከ10 ዓመት በኋላም ያው ትእዛዝ እንደገና ወጣ። ትእዛዙ በመልካምነቱ የሚጠቀስ አይደለም፤ እዚህ ያነሣሁት አንድ ሕግ ሁለት ጊዜ መታወጁ በመጀመሪያው ጊዜ ሙሉ በሙሉ እንዳልተፈጸመ ስለሚጠቁም ነው። በየዘመኑ ዜና መዋዕል ውስጥ ተመሳሳይ አዋጅ ሲደጋገም ስናይ ይህን ልብ ማለት ይገባል።

ጽሕፈት አልነበረም ማለት ግን አይደለም። ጸሐፌ ትእዛዝ የሚባለው ባለሥልጣን በጎንደር ቤተ መንግሥት የታወቀ ነበር፤ የዐፄ በካፋን ዜና መዋዕል የጻፈው ጸሐፌ ትእዛዝ ሲኖዳ ከእነዚህ አንዱ ነው። ይሁን እንጂ ዜና መዋዕል የንጉሡን ሥራ ለትውልድ የሚያቆይ ታሪክ እንጂ ዳኛ ገልጦ የሚፈርድበት የሕግ መዝገብ አይደለም። ዳኛው የሚጠቅሰው ፍትሐ ነገሥትን ነበር፤ እርሱም በእጅ የሚገለበጥ፣ በሊቃውንት ትርጓሜ የሚብራራ፣ ሊቁ ካልተጠየቀ በቀር ለተራው ባላገር የማይገለጥ መጽሐፍ ነው። በሌላ አነጋገር በጎንደር ዘመን ሁሉም የሚሰማው ሕግ አይጻፍም፤ የሚጻፈውን ሕግ ደግሞ ሁሉም አያየውም። የአውሮፓ ነገሥታት ይህን ክፍተት በማተሚያ መድፈን የጀመሩት በዚያው ዘመን ነው። የእንግሊዙ ንጉሥ ቻርልስ 2ኛ ከለንደን ወረርሽኝ ሸሽቶ ኦክስፎርድ በከረመበት፣ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1665 የመጀመሪያው የእንግሊዝ መንግሥት ጋዜጣ እዚያው ሲታተም፣ ጎንደር ላይ በዙፋን የነበሩት ዐፄ ፋሲል ነበሩ። ማተሚያ ያልነበረው ቤተ መንግሥታችን ከዚያ በኋላም ከሁለት መቶ ዓመታት በላይ በነጋሪት ቀጠለ።

ከጎንደር ወደ አዲስ አበባ ያለውን መንገድ በአጭሩ ልለፈው። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ሾሙ፤ ከእነርሱም አንዱ የጽሕፈት ሚኒስትሩ ነበር። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ በ1914 ያቋቋሙት ማተሚያ ቤት ብርሃንና ሰላም የተባለውን ጋዜጣ ከ1917 ጀምሮ ማውጣት ያዘ። ጋዜጣው የመንግሥትን ቃል ያሰማ ነበር እንጂ ሕግን በሕግነቱ የሚያጸና ልዩ መዝገብ አልነበረም። የ1923ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግና በዚያው ዓመት ሐምሌ 9 ቀን የተፈረመው የመጀመሪያው ሕገ መንግሥትም የታወጁት ነጋሪት ጋዜጣ ሳይኖር ነው። ተማሪዎ «ከዚያ በፊት የወጣው ሕግ አልነበረም ወይ?» ሲልዎ ማሳየት የሚገባው ይህን ነው፤ ያ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በየትኛውም የነጋሪት ጋዜጣ ቁጥር ሳይሆን በራሱ መጽሐፍነት የታወቀ ሲሆን፣ አዲሱ ሕግ በ1950 ሥራ ላይ እስኪውል ድረስ ፍርድ ቤቶች ይሠሩበት ነበር። ነጋሪቱም ቢሆን ገና ዝም አላለም ነበር። መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣሊያ ጦር ድንበር ሲያልፍ የክተት አዋጅ የተሰማው በአዲስ አበባ ቤተ መንግሥት በተጎሰመው ትልቁ ነጋሪት ነው። ማተሚያ ቤት፣ ጋዜጣና ሕገ መንግሥት እያለም፣ በአገር ህልውና ላይ የተነሣውን ነገር ለሕዝብ ለማስታወቅ የተመረጠው ጥንታዊው መንገድ ነበር። በእኔ ግምት ይህ ለጌጥ የተደረገ አይደለም፤ በዚያን ጊዜ ንጉሥ ለሕዝቡ ሁሉ በአንድ ቀን የሚናገርበት ሌላ የታመነ መንገድ ስላልነበረ ነው።

ቀጥሎ ያለው ወቅት ለጎንደር ሰው የተለየ ትርጉም አለው። ኢጣሊያ በያዘችው አገር ላይ የራሷን መንግሥታዊ ጋዜጣ ታሳትም ነበር፤ ጎንደርንም የአማራ ግዛት ዋና ከተማ አደረገቻት። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 አዲስ አበባ ከገቡ በኋላም ጎንደር በኢጣሊያዊው ጄኔራል ናሲ ጦር እጅ ቆይታ፣ ነጻ የወጣችው ኅዳር 18 ቀን 1934 ነው። ከዚያ ቀን እስከ ነጋሪት ጋዜጣ የመጀመሪያ ቁጥር አራት ወር ብቻ አለ። በመካከሉ ጥር 23 ቀን 1934 ከእንግሊዝ ጋር ውል ተፈረመ፤ ጋዜጣው ለምን ወዲያውኑ እንደ ተወለደ ለመረዳትም ይህን ውል ማንበብ ያስፈልጋል። ከጦርነቱ በፊት በ1900 ከፈረንሳይ ጋር በተደረገው ውል መነሻ የውጭ አገር ዜጎች ጉዳይ የቆንስሎች እጅ በገባበት ዳኝነት ይታይ ነበር። በ1934ቱ ውል ግን የውጭ ዜጎች በኢትዮጵያ ፍርድ ቤቶች እንዲዳኙ ተስማሙ፤ ፍርድ ቤቶቹ የሚቋቋሙበት ሕግ ረቂቅ ከውሉ ጋር ተያይዞ ንጉሠ ነገሥቱ ቶሎ እንዲያውጁት ተወሰነ፤ እንግሊዛውያን ዳኞችም በፍርድ ቤቶቹ እንዲቀመጡ ሆነ። እንዲህ ያለ ፍርድ ቤት የሚሠራው የተጻፈ፣ ቀን ያለው፣ በእንግሊዝኛም የሚነበብ ሕግ ሲኖረው ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው አዋጅ ጋዜጣውን አቋቋመ፤ ሁለተኛው አዋጅ ደግሞ የዳኝነት አስተዳደርን የሚመለከት ሆነ። የሁለቱ ቁጥር መከታተል በአጋጣሚ የመጣ አይደለም።

ይህን ስል ጋዜጣው ለፈረንጅ ተብሎ የተቋቋመ ነው ማለቴ አይደለም። ንጉሠ ነገሥቱ በሥልጣናቸው ላይ ሌላ አዛዥ እንደሌለ ማሳየት ያስፈልጋቸው ነበር፤ የእንግሊዝ የጦር አስተዳደር ገና ጥላው ሳይነሣ በራሳቸው ስም፣ በራሳቸው ማኅተም፣ በአማርኛ የሚጀምር የሕግ ጋዜጣ ማውጣት አገሪቱ ራሷ ሕግ አውጪ መሆኗን የሚያሳይ ሥራ ነበር። ስሙም ከነጋሪቱ መወሰዱ በዚህ ዓይን ሲታይ በቂ ምክንያት ያለው ነው፤ አዲሱ ወረቀት የያዘው ሥልጣን የድሮው እንደ ሆነ አንባቢው ወዲያው ያውቅ ነበር።

የጋዜጣው መልክ ራሱ ብዙ ይናገራል። ገጹ ለሁለት ተከፍሎ አማርኛውና እንግሊዝኛው ጎን ለጎን ይሄዳሉ። አዋጁ የሚከፈተው «ሞዓ አንበሳ ዘእምነገደ ይሁዳ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሥዩመ እግዚአብሔር ንጉሠ ነገሥት ዘኢትዮጵያ» በሚለው ነው። በመጨረሻውም የጽሕፈት ሚኒስትሩ ስም ይሰፍራል፤ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ይህ ስም የጸሐፌ ትእዛዝ ወልደ ጊዮርጊስ ወልደ ዮሐንስ ነው። ልብ ይበሉ፣ ሲኖዳ በጎንደር ይጠራበት የነበረው ማዕረግ በሕግ ጋዜጣ ግርጌ እንደገና ተገኘ፤ የሥራው ዓይነት ግን ተለውጧል፤ የጥንቱ ጸሐፌ ትእዛዝ የሆነውን ይጽፍ ነበር፣ የአሁኑ ግን የታወጀው ሕግ ይፋ የሚሆንበትን ወረቀት ያወጣል።

የሕጎቹ ደረጃም ተለየ። አዋጅ፣ ድንጋጌ፣ ትእዛዝ፣ የሕግ ክፍል ማስታወቂያና ጠቅላላ ማስታወቂያ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ተከታታይ ቁጥር ያዙ። የቃል አዋጅ ይህን ልዩነት አያውቅም ነበር፤ ከንጉሡ አፍ የወጣው ሁሉ አንድ ክብደት ነበረው። የመጀመሪያውን ዓመት ብቻ ብንመለከት፣ ባርነትን የሻረው አዋጅ ቁጥር 22 በነሐሴ 1934 ወጣ፤ በዚያው ወር የወጣው ድንጋጌ ቁጥር 1 ደግሞ የጠቅላይ ግዛቶችን አስተዳደር ሠራ፤ ጎንደርም የበጌምድርና ስሜን ጠቅላይ ግዛት ርእሰ ከተማ ሆነች። ተማሪዎችዎ የከተማቸውን ስም ከዚህ ጋዜጣ ታሪክ ጋር ማያያዝ ከፈለጉ መነሻው ይህ ድንጋጌ ነው።

በጥቅምት 1948 በአዋጅ ቁጥር 149 የወጣው የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ጋዜጣውን በስሙ ጠርቶ በሕግ አወጣጥ ሥርዓት ውስጥ አስገባው። በሁለቱ ምክር ቤቶች የጸደቀ ረቂቅ በንጉሠ ነገሥቱ ሲፈቀድ ይታወጃል፣ የጽሕፈት ሚኒስትሩም በነጋሪት ጋዜጣ ያወጣዋል። ፓርላማው በዕረፍት ላይ ሳለ አስቸኳይ ነገር ቢነሣ ንጉሠ ነገሥቱ በድንጋጌ ሊሠሩ ይችሉ ነበር፤ የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ በድንጋጌ ቁጥር 52 የወጣው በዚህ መንገድ ነው። በሕጉ ዓለም ትልቁ የጋዜጣው ዘመን ግን ታላላቆቹ ሕጎች የታተሙበት ነው፦ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በ1949 በአዋጅ ቁጥር 158፣ የባሕር ሕግ፣ የፍትሐ ብሔር ሕግና የንግድ ሕግ በ1952 በአዋጅ ቁጥር 164፣ 165 እና 166። የፍትሐ ብሔሩ ሕግ 3,367 አንቀጾች ያሉት ሲሆን ሚያዝያ 27 ቀን ታትሞ መስከረም 1 ቀን 1953 ሥራ ላይ ዋለ። የሕጉን ረቂቅ ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ፣ የወንጀለኛ መቅጫውን ደግሞ ስዊሳዊው ዣን ግራቨን በፈረንሳይኛ አዘጋጅተውታል። ይሁን እንጂ በጋዜጣው የወጡት አማርኛውና እንግሊዝኛው ብቻ ስለ ነበሩ የፈረንሳይኛው ጽሑፍ ለትርጓሜ ከመርዳት በቀር የሕግ ኃይል አልነበረውም። እስከ ዛሬ ድረስ አንዳንድ አንቀጽ በአማርኛ ሲነበብ ለምን እንደሚከብድ ለሚገረሙ ሰዎች አንዱ ምክንያት ይህ ነው፤ ሐሳቡ በአንድ ቋንቋ ተወልዶ በሌሎች ሁለት ቋንቋዎች ታውጇል።

አሁን ወደ አንድ የማይመች ነገር እመጣለሁ፤ በእኔ አስተያየት በትምህርት ቤት መጽሐፍ የሚዘለለው እርሱ ነው። ሕግ በጋዜጣ ሲታተም ሁሉም እንዳወቀው ይቆጠራል። የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ሕጉን አላውቅም ማለት መከላከያ እንደማይሆን ደንግጎ፣ በቅን ልቡና ለተሳሳተ ሰው ግን ዳኛው ቅጣቱን እንዲያቀል ፈቅዶለታል። በጃን ተከል የቆመው ሰው አዋጁን በጆሮው ስለ ሰማ «አልሰማሁም» ቢል የሚያምነው አልነበረም። በደምቢያ ወይም በወገራ የሚያርስ፣ ፊደል ያልቆጠረ ገበሬ ግን አዲስ አበባ የታተመውን ባለ ሁለት ዓምድ ጋዜጣ እንዳነበበ መቁጠር ፍጹም የሕግ ግምት ነው እንጂ እውነት አይደለም። እንዲህ ያለው ሕግ ለገበሬው የሚደርሰው በወረዳ ገዥ፣ በጭቃ ሹም፣ በግብር ሰብሳቢና በወሬ በኩል ነበር፤ በእያንዳንዱ እጅ ሲያልፍም መልኩ ይለወጣል። በ1960 የወጣው አዋጅ ቁጥር 255፣ በእርሻ ገቢ ላይ ግብር የጣለው፣ በጎረቤታችሁ በጎጃም ምን እንዳስነሣ ይታወቃል። ገበሬው የተነሣው ግብሩን ብቻ ሳይሆን ተከትሎ ይመጣል ብሎ የፈራውን የመሬት ልኬትና የርስት መነካት ጠልቶ ነው። አዋጁ በጋዜጣ ላይ የሚለውና ገበሬው የሰማው አንድ አልነበሩም፤ ክርክሩን ለመፍታት ደግሞ ጋዜጣውን ገልጦ ማሳየት ምንም አልጠቀመም። ስለዚህ የጋዜጣው እውነተኛ አንባቢ ከመጀመሪያው ጀምሮ ዳኛው፣ ጠበቃው፣ የመሥሪያ ቤት ሹሙና ነጋዴው ነበር ብዬ አምናለሁ። ይህ ጋዜጣውን አያሳንሰውም፤ ነገር ግን ነጋሪቱን ሙሉ በሙሉ ተካው የሚለው አባባል ግማሽ እውነት ብቻ መሆኑን ያሳያል፤ የተካው የሥልጣኑን ምልክት እንጂ የሰሚውን ጆሮ አይደለም።

ሁለተኛውን ተማሪ ግራ ያጋባው የቁጥር ነገር መፍትሔው ቀላል ነው። የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት የአዋጅ ቁጥርን በየዓመቱ አያድስም ነበር፤ ከ1934 እስከ 1966 ድረስ ቁጥሩ እየተያያዘ ሄደ። መስከረም 2 ቀን 1967 ደርግ ሥልጣን ሲይዝ ግን ከ1 ጀመረ። የሕዝባዊ ዲሞክራሲያዊ ሪፐብሊኩ በ1980፣ የሽግግር መንግሥቱ በ1983፣ የፌዴራሉ መንግሥት በ1987 እያንዳንዳቸው ቁጥሩን እንደ አዲስ ጀምረዋል። እንግዲህ «አዋጅ ቁጥር 1» የሚባል ሕግ አምስት አለ፤ ዓመቱ ካልተጻፈ የትኛው እንደሆነ ማወቅ አይቻልም። በዚህ ላይ የአማርኛው ዓምድ በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ የእንግሊዝኛው ዓምድ በአውሮፓ አቆጣጠር ስለሚጠቅስ አዋጅ ቁጥር 1/1934 እና አዋጅ ቁጥር 1/1942 ተብሎ የተጻፈው አንድ ሕግ ሆኖ ሳለ ሁለት ይመስላል።

የጋዜጣው ዕድሜ ግን እስከ 1987 ድረስ በመንግሥት ለውጥ አልተቋረጠም። የደርግ የመጀመሪያ አዋጅ የወጣው በ34ኛ ዓመት ቁጥር 1 ላይ ሲሆን፣ የሽግግር ዘመኑ ቻርተር ደግሞ በ50ኛ ዓመት ቁጥር 1 ላይ ወጣ። ስለዚህ በድሮ ጋዜጣ ራስጌ ላይ «15ኛ ዓመት» የሚል ካዩ 1933 ይደምሩበት፤ 1948 ይመጣል፤ የሕገ መንግሥቱም ዓመት ያው ነው። በ1987 ለጀመረው ለፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ የሚደመረው 1986 ነው። ይህች ስሌት ቀኑ የተቀደደ ቅጂ ላገኘ ሰው ብዙ ድካም ታስቀራለች።

በመጨረሻ፣ ዛሬ በጎንደር የሚሠራ ዳኛ የሚያውቀው የትኛውን ነው ብለው ተማሪዎቹ መጠየቃቸው ስለማይቀር፦ በነሐሴ 1987 የወጣው አዋጅ ቁጥር 3 የፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣን ያቋቋመ ሲሆን፣ በዚያ የወጣውን ሕግ የፌዴራልም የክልልም አካላት፣ ማንኛውም ሰውም እንዲያውቀው ያስገድዳል፤ በአማርኛውና በእንግሊዝኛው መካከል ልዩነት ሲኖር የአማርኛው ይጸናል ይላል። የአማራ ክልል ምክር ቤት የሚያወጣቸው ሕጎች ግን የሚታተሙት ዝክረ ሕግ በተባለው የክልሉ ጋዜጣ ነው። በክፍል ውስጥ ለማሳየት የሚፈልጉ ከሆነ የ1934ቱን አዋጅ ቁጥር 1፣ የዚያኑ ዓመት ድንጋጌ ቁጥር 1ንና አንድ የዝክረ ሕግ ቅጂ ጎን ለጎን ያስቀምጡ፤ ተማሪዎቹ በመጀመሪያ እንዲያነጻጽሩ የምመክረው አንቀጾቹን ሳይሆን በእያንዳንዱ ራስጌ ላይ በማን ስም እንደ ታወጀና በግርጌው ማን እንደ ፈረመበት ነው።